የማኅደረ ትውስታ ስፋትና የመዝገብ ሥርዓት

በዘመናችን በየመሥሪያ ቤቱ ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «ሰርቨሩ ጠቦናል» የሚለው ነው። አንድ መዝገብ ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ሲፈጅ፤ ባለጉዳይ በመስኮት ቆሞ ሲጠብቅ፤ ማታ የተጀመረ የወር ሪፖርት በማግሥቱ እኩለ ቀን ሲያልቅ፤ የሁሉም ምክንያት የማሽኑ ማነስ ነው ይባልና ማኅደረ ትውስታው እጅግ የሰፋ ሰርቨር ይገዛልን የሚል ደብዳቤ ለበላይ አካል ይጻፋል። ደብዳቤውን የሚያረቅቀው ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርስቲ ከወጣ ጥቂት ዓመት የሆነው ወጣት ባለሙያ ነው፤ የሚፈርመውም በዕድሜ ከእርሱ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ሹም ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ለእነዚህ ለሁለቱ፤ ነገም እነርሱን ለመተካት በትምህርት ገበታ ላይ ላሉት ተማሪዎች፤ ጥቂት ሐሳብ ልናቀርብ ተነሥተናል።

ስለ አዲስ ነገር ሲነገር ምሳሌውን ሁልጊዜ ከሩቅ አገር ማምጣት ልማድ ሆኖብናል። እኛ ግን ነገሩን በገዛ አገራችን በአንድ ክፍል ላይ አኑረን መመልከቱ ይሻላል ብለን የአዊን ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መርጠናል። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ናት፤ ዳንግላም ከቀድሞ ጀምሮ ስሟ የታወቀ ከተማ ናት፤ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ ከ980,000 በላይ መሆኑ ታውቋል። እንደ ሌላው ያገራችን ክፍል ሁሉ በዚህም የመሬት፣ የጤና፣ የግብርና የልደት መዝገብ ይያዛል፤ መዝገቡም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ ነው። እንግዲህ የሕዝቡ መብት በኮምፒዩተሩ አያያዝ ላይ የሚያድርበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

አስቀድመን ዳታቤዝ ምን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለ፤ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ሊቅ፤ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ሠንጠረዦቹም እርስ በርሳቸው ይዛመዱ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር እንጂ ነገሩ በየትኛው ሣጥን እንደተቀመጠ አይጠየቅ የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበ። ዛሬ ሪሌሽናል ዳታቤዝ የሚባለው የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው። ነገሩን በአዊ ምሳሌ ብንገልጸው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ አባላት አሉት። የማኅበሩን መዝገብ በሁለት ሠንጠረዥ ብንሠራው፤ በአንደኛው የፈረሰኛው ተራ ቁጥር፣ ስሙ፣ ቀበሌውና አባል የሆነበት ዓመት ይጻፋል፤ በሁለተኛው ፈረሱ ቦራ ይሁን ዳማ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ የባለቤቱም ተራ ቁጥር ይጻፋል። ሁለት ፈረስ ያለው ሰው ስሙ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል፤ ሁለቱ ፈረሶች በቁጥሩ አማካይነት ወደ እርሱ ያመለክታሉ። ሰውየው ቀበሌ ቢለውጥ የሚታረመው አንድ መስመር ብቻ ነው። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ አንድ እውነት በአንድ ቦታ ብቻ እንዲኖር ማድረጉ ነው።

ይህ መዝገብ የሚኖረው በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው ዲስክ ነው፤ ሁለተኛው ማኅደረ ትውስታ ነው። ዲስክ እንደ ጎተራ ነው፤ ብዙ ይይዛል፤ መብራት ቢጠፋም የያዘውን አይጥልም፤ ነገር ግን ከእርሱ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ማኅደረ ትውስታ እንደ መሶብ ነው፤ ቀርቦ ያለ፣ እጅ የሚደርስበት፣ ነገር ግን ጠባብና ለዘለቄታ የማይሆን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ለአእምሮ ያስቸግራል። ከማኅደረ ትውስታ አንድ ነገር ማንሣት 1 ደቂቃ ይፈጃል ብለን ብናስብ፤ በዚያው ሚዛን ከዘመናዊው የኤሌክትሮኒክ ዲስክ ማውጣት ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ከሚሽከረከረው ከአሮጌው ዲስክ ማውጣት ግን 69 ቀን ያህል ይሆናል። ኮድ ሐሳቡን ባቀረበበት ዘመን የማሽኖች ማኅደረ ትውስታ የሚለካው በኪሎባይትና በጥቂት ሜጋባይት ነበር፤ ስለዚህ የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ጥበባቸውን ሁሉ ያፈሰሱት ትንሹን መሶብ ከትልቁ ጎተራ እየሞሉ ማብላት እንዴት ይቻላል በሚለው ጥያቄ ላይ ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አንድ ሰርቨር ብቻውን 1፣ 2፣ 4 ቴራባይት ማኅደረ ትውስታ መያዙ የሚያስገርም አልሆነም፤ በኪራይ የሚቀርቡ 24 እና 32 ቴራባይት የደረሱ ማሽኖችም አሉ። አንድ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑ ኤስ.ኤ.ፒ. ኩባንያ ሃና በተባለው ዳታቤዙ መዝገቡን ሁሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ አኑሮ መሥራትን ለገበያ አቅርቧል። በአገራችንም እጅግ ሰፊ ማሽን የሚያስፈልገው ሥራ የለም አንልም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሰዋል፤ ይህን ያህል ሰው ገንዘብ የሚላላክበት መዝገብ በትንሽ ማሽን ይያዝ የሚል ካለ ነገሩን አልመዘነውም።

ጥያቄያችን ግን የእንጅባራው መሥሪያ ቤት መዝገብ ስንት ይመዝናል የሚል ነው። ሒሳቡን ማንም ተማሪ በወረቀት ጫፍ ላይ ሊያደርገው ይችላል። ለአንድ ሰው ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ የተወለደበትን ዕለት፣ ቀበሌውንና ሌላውንም ለመጻፍ 1,000 ባይት ብንመድብለት ለጋስ ሆነናል። የዞኑን ሕዝብ 1 ሚሊዮን ብናደርገው ጠቅላላው 1 ጊጋባይት ይሆናል። ወደ መሬቱም እንሂድ፤ በዞኑ 200,000 ገበሬ ቢኖር፤ እያንዳንዱም 5 ማሳ ቢኖረው፤ ማሳው 1 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ማሳ የወሰኑን ነጥቦች ጨምሮ 2,000 ባይት ብንሰጠው 2 ጊጋባይት ይደርሳል። የሰውና የመሬት መዝገብ ተደምሮ 3 ጊጋባይት ነው፤ ማውጫው በላዩ ቢታከል ሁለት እጥፍ ይሁን። ይህ ሁሉ ዛሬ ወጣቶቻችን በኪሳቸው ይዘውት በሚዞሩት ስልክ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነው። እርግጥ ነው፤ የፎቶግራፍና የተቃኘ ሰነድ ክምችት ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ሁልጊዜ የሚፈለግ አይደለምና በዲስክ ቢቀመጥ የሚጎዳው ነገር የለም።

እንግዲህ ልብ ይሏል፤ ለአንድ ዞን መሥሪያ ቤት «እጅግ ሰፊ ማኅደረ ትውስታ» የሚባለው ነገር ገና የሚመጣ ሳይሆን መጥቶ በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ነው። 32 ጊጋባይት ያለው መካከለኛ ማሽን ከአዊ መዝገብ አምስት እጥፍ ይሰፋል። መሶቡ ከጎተራው በልጧል። ታዲያ ይህ ከሆነ ባለጉዳዩ ለምን በመስኮት ቆሞ ይውላል?

የመጀመሪያው ምክንያት ማውጫ አለመኖር ነው። ማውጫ በሌለው መዝገብ ውስጥ አንድ ስም የሚፈልግ ኮምፒዩተር 1 ሚሊዮኑን መስመር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብባል። በፊደል ተራ የተደረደረ ማውጫ ካለ ግን መካከሉን እየገለጠ፤ ግማሹን እየተወ፤ ቢበዛ በ20 እርምጃ ካሰበው ይደርሳል። 1 ሚሊዮንን ከ20 ጋር የሚያስተካክል የማኅደረ ትውስታ ስፋት በየትም ገበያ አይሸጥም።

ሁለተኛው ምክንያት የአጠያየቅ ጉድለት ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ሪፖርት ሲሠራ «የሁሉንም ገበሬዎች ድምር ስጠኝ» ብሎ አንድ ጊዜ በመጠየቅ ፈንታ የ200,000ውን ገበሬ እያንዳንዱን ለብቻው ይጠይቃል። መሥሪያ ቤቱ በእንጅባራ ሆኖ ሰርቨሩ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ቢሆንና አንዱ ጥያቄ ሄዶ ለመመለስ የአንድ ሴኮንድ አንድ መቶኛ ቢፈጅበት፤ 200,000 ጥያቄ በመንገድ ላይ ብቻ ከግማሽ ሰዓት በላይ ያልቅበታል። የሰርቨሩን ማኅደረ ትውስታ ማስፋት መንገዱን አያሳጥረውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የእኛ የራሳችን ነው፤ እርሱም የስም አጻጻፍ ነው። በፊደላችን አንድ ድምፅ ያላቸው ብዙ ፊደሎች አሉ። «ፀሐይ» የሚለውን የሴት ስም ብንወስድ፤ የመጀመሪያው ፊደል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፤ ሁለተኛው በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» ወይም በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል፤ ጠቅላላው 12 ዓይነት አጻጻፍ ነው። ለሰው ጆሮ ሁሉም አንዲት ፀሐይ ናት። ለኮምፒዩተር ግን 12 ልዩ ልዩ ሴቶች ናቸው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሰሌዳ ላይ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ገብቷልና። በአዊ ደግሞ አዊኛ በትምህርት ቤት የሚሰጥ ቋንቋ ስለሆነ፤ አማርኛ የማይጠቀምባቸውን እንደ «ጘ» ያሉ ፊደሎችም ይጨምራል፤ አንዱ ጸሓፊ በ«ጘ» የጻፈውን ስም ሌላው በ«ገ» ወይም በ«ኘ» ይጽፈዋል። የሰው ስም በአባት ስም እንጂ በቤተሰብ ስም ስለማይያዝም አንድ ስም ከነአባቱ የሚጋሩ ሰዎች በአንድ ቀበሌ አይታጡም። ጸሓፊው ስሙን ሲያጣው «የለም» ይላል፤ ወይም እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። አንድ ሰው ሁለት ይሆናል፤ ሁለት ሰውም አንድ ይሆናል። ማኅደረ ትውስታው የሰፋ ሰርቨር በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር «የለም» የሚለውን መልስ በፍጥነት ማድረሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሰፊ ማሽን ችግርን እንደማይፈታ ነው። አሁን ደግሞ ሰፊ ማሽን የራሱን ችግር ይዞ እንደሚመጣ እንናገራለን። በብዙ መሥሪያ ቤት ፖስትግሬስ የሚባለው፤ ያለ ዋጋ የሚገኘው ዳታቤዝ ይሠራበታል፤ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርስቲ ተሠርቶ የጤና ሚኒስቴራችን የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ሥርዓትም ሆነ የፋይዳ መታወቂያ መሠረት የሆነው ሞሲፕ መዝገባቸውን የሚያኖሩት በዚሁ ነው። ይህ ዳታቤዝ ሲጫን በሠሪዎቹ የሚመደብለት የጋራ ማኅደረ ትውስታ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው። ማንም ካልነካው፤ 1 ቴራባይት ባለው ሰርቨር ላይም ቢጫን ለራሱ የሚይዘው 128 ሜጋባይት ነው፤ ቀሪው በሥርዓተ ክወናው ቸርነት የሚገኝ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከጠቅላላው ሩቡን ያህል በመስጠት ጀምሩ ብለው ይመክራሉ። እንግዲህ ሰርቨር ገዝቶ ይህን አንድ መስመር ያላረመ መሥሪያ ቤት፤ ሰፊ አዳራሽ አሠርቶ በደጁ ሰገነት ላይ እንግዳ እንደሚቀበል ባለቤት ነው።

ያረመውም ቢሆን ገና ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታውን በትንንሽ ገጽ ከፍሎ ይይዘዋል፤ የተለመደው የገጽ መጠን 4 ኪሎባይት ነው። 1 ቴራባይት በዚህ ሲከፈል ከ268 ሚሊዮን በላይ ገጽ ይሆናል፤ የእያንዳንዱን ገጽ አድራሻ ለመጻፍ 8 ባይት ሲያስፈልግ የአድራሻው መዝገብ ብቻ 2 ጊጋባይት ይደርሳል። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱን ሠራተኛ ስለሚያቆም፤ 100 ተጠቃሚዎች ገብተው እያንዳንዳቸው የተጋራውን ሰፊ ቦታ ሁሉ ቢነኩ የአድራሻው መዝገብ እስከ 200 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል። ለመረጃ የተገዛው ቦታ በአድራሻ ተያዘ ማለት ነው። መድኃኒቱ ገጹን ወደ 2 ሜጋባይት ማሳደግ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ግን ሰፊው ማሽን ከጠባቡ የባሰ ሊሆን ይችላል። ደግሞም መብራት ጠፍቶ ማሽኑ እንደገና ሲነሣ መሶቡ ባዶ ነው። በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ከሚያነብ ዲስክ 1 ቴራባይት ለመሙላት 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። ሰርቨሩ ሰፋ ማለት ከእንቅልፉ ሲነቃ የሚንተፋተፍበት ጊዜ ረዘመ ማለት ነው።

በዚህ ጉዳይ የተመራመሩ ሰዎችም የደረሱበት ነገር የሚያስተምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ማይክል ስቶንብሬከርና ጓደኞቹ አንድን ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ አኑረው ማሽኑ ጉልበቱን በምን ላይ እንደሚያጠፋ መረመሩ። ከሥራው ሲሦ በላይ የሚሆነው መረጃን ከዲስክ ለማምጣትና ለመመለስ በተሠራው የአሮጌው ዘመን አሠራር ላይ እንደሚያልቅ፤ ለእውነተኛው ጉዳይ የሚውለው ግን ከመቶ 10 እንኳ እንደማይሞላ አገኙ። መሶቡን ማስፋት ብቻ በቂ እንዳልሆነ፤ የጎተራ ሥርዓት ይዞ በመሶብ መመገብ ብክነት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር እንድረስ። የማኅደረ ትውስታ ጠባይ መርሳት ነው። በውስጡ ያለው እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ጠብታ ስለሚተንን፤ ማሽኑ የያዘውን ሁሉ በ64 ሚሊ ሴኮንድ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ መልሶ ማደስ አለበት። መብራት ሲጠፋ ማደሱ ይቆማል፤ ሁሉም ይረሳል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ የተነገረ ይመስላል። በጎጃም ቅኔ ቤቶች ስንት ሊቅ ቅኔውን በቃሉ ይዞ አልፏል! ደቀ መዝሙር ሳይጽፍለት የሞተ ሊቅ ከነቅኔው ተቀበረ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቼዝማን የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ ዞሮ ያየውን በየዕለቱ ስለጻፈና እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ ስላወጣው፤ ሰውየው ካለፈ በኋላም ሥራው ይነበባል።

የዳታቤዝ ሠሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ አንድ ሥርዓት አበጅተዋል። ማናቸውም ለውጥ በዋናው መዝገብ ላይ ከመጽናቱ በፊት በዲስክ ላይ በተከታታይ የሥራ መዝገብ ይጻፋል፤ ዲስኩ «ጽፌአለሁ» ብሎ ሳይመልስ ለባለጉዳዩ «ተፈጽሟል» አይባልም። መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ሲነሣ ያን የሥራ መዝገብ አንብቦ የጎደለውን ይሞላል። ነገር ግን ይህ መጠበቅ ጊዜ ይወስዳል። ፍጥነት የናፈቀው ባለሙያ በአንድ ትእዛዝ መጠበቁን ሊያስቀረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ እንደ ነፋስ ይፈጥናል፤ ሹሙም ይደሰታል። የክረምቱ ነጎድጓድ በእንጅባራ ላይ ያጉረመረመ ዕለት ግን የዚያ ደቂቃ ሥራ በሙሉ እንዳልነበረ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም የከፋው፤ መዝገቡ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ሊበላሽ ይችላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ማለት ይህ ነው።

ይህ የማሽን ወሬ ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት ይይዛል፤ ባሏ የሞተባት ሴት በማሳዋ የምትቆመው በዚያ ስም ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ገበሬው የመሬት መጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያሲዝ መንገድ ከፍቷል። በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የተዘጋጀው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓትም ይህን ሁሉ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር በወረዳ ደረጃ ያስገባል። ከእንግዲህ አንድ የተረሳ መስመር የአንዲት ሴት ማሳ ነው፤ አንድ የተደገመ ስም የሁለት ወንድማማች ጠብ ነው።

ፍጥነት ያለ ሥርዓት ምን እንደሚያስከትል አገራችን በቅርቡ አይታለች። በመጋቢት 6 ለ7 ሌሊት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው መታወክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ፤ ባንኩ በኋላ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደወጣ አስታውቆ አብዛኛውን አስመልሷል። የብሔራዊ ባንክ መግለጫ ነገሩ ከጥገናና ከፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል። ባንኩ ትልቅ ማሽን የጎደለው ተቋም አይደለም። በዚያች ሌሊት የጎደለው፤ «ይህ ሰው ይህ ገንዘብ አለውን?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ገንዘብ እንዳይወጣ የሚያደርገው ጥበቃ ነበር። ማሽኑ በፈጠነ መጠን ስሕተቱም አብሮ ይፈጥናል።

አንዳንድ ሰዎች «የባለሙያ ደመወዝ ከማኅደረ ትውስታ ዋጋ ይበልጣል፤ ስለዚህ ማሽን ማስፋት ይረክሳል» ይላሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። መዝገቡ 40 ጊጋባይት ሆኖ ማሽኑ 8 ብቻ ሲኖረው፤ ሦስት ወር ሙሉ ባለሙያ ከማስጨነቅ በአንድ ቀን ማኅደረ ትውስታ መጨመር ብልኅነት ነው። እኛም የምንነቅፈው መግዛቱን ሳይሆን ሳይለኩ መግዛቱን ነው። ዳታቤዙ ከመቶ ጥያቄ ስንቱን በማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዳገኘ፤ ስንቱን ለማግኘት ወደ ዲስክ እንደወረደ፤ የተጠየቀ ሁሉ ቆጥሮ ይናገራል። ከመቶ 99ኙን በማኅደረ ትውስታው እያገኘ የሚዘገይ ከሆነ በሽታው ሌላ ነው፤ መሶብ ቢጨመርለት አይድንም። ከመቶ 60 ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ግን ደብዳቤው ይጻፍ፤ ሹሙም ሳይጠራጠር ይፈርም። እንዲህ ያለ ቁጥር ያልተያያዘበት የግዥ ጥያቄ ግን ሐኪም ሳያየው መድኃኒት እንደሚገዛ በሽተኛ ነው።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በተራ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፤ መዝገቡ ስንት ጊጋባይት ነው? ሁለተኛ፤ በየቀኑ የሚፈለጉት ነገሮች ማውጫ አላቸው? ሦስተኛ፤ ሰው ሁሉ የሚታወቀው በማይደገም ቁጥር ነው ወይስ በስሙ አጻጻፍ? የፋይዳ ቁጥር እየተስፋፋ ባለበት በዚህ ጊዜ ስምን መለያ አድርጎ መቀጠል ምክንያት የለውም፤ ስሙም ቢሆን ለፍለጋ ሲባል ሞክሼ ፊደሎቹ ወደ አንድ ተጠቃልለው በሁለተኛ ዓምድ ይቀመጡ፤ ባለቤቱ የጻፈው ግን እንዳለ ይጠበቅ። አራተኛ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጋት የሚያደርስ ባትሪ አለ? አምስተኛ፤ የእንጅባራው መዝገብ ቅጂ በዳንግላ፤ የዳንግላው በእንጅባራ ይቀመጣል? ቤት በእሳት ቢጠፋ መዝገቡ አብሮ እንዳይጠፋ ይህ ግድ ነው። ስድስተኛ፤ ያ ቅጂ ተከፍቶ መሥራቱ የተፈተነው መቼ ነው? ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ቅጂ አይባልም። እነዚህ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ማኅደረ ትውስታ ይሁን።

በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርስቲ በደጃችን ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን ከመጽሐፍ ከተቀዳ የሆቴል ወይም የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ላይ ከሚያደርጉት ይልቅ፤ ከሞክሼ ፊደል ስለሚነሣው የስም መደበላለቅ ወይም አንድ የወረዳ መዝገብ በእውነት ስንት ጊጋባይት እንደሚመዝን ቢሠሩት፤ ለእነርሱም የበለጠ እውቀት፤ ለአገሩም የበለጠ ጥቅም ይሆናል። ይህን ለማድረግ 32 ቴራባይት አያስፈልግም፤ አንድ መካከለኛ ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ይበቃል።

የማሽን ስፋት በገንዘብ ይገኛል፤ ዋጋውም ከዓመት ወደ ዓመት ይለዋወጣል፤ ዛሬ ያልገዛነውን ነገ ልንገዛው እንችላለን። የመዝገብ ሥርዓት ግን በገንዘብ አይገኝም፤ በየዕለቱ በሚደረግ ጥንቃቄ እንጂ። ያለ ሥርዓት የተያዘ የአንድ ትውልድ መዝገብ በኋላ በማናቸውም ማሽን ሊታረም አይችልም፤ ባለቤቶቹ ያልፋሉና። ስለዚህ ዛሬ በመዝገብ ቤት የተቀመጠ ወጣት ሁሉ፤ በእጁ ያለው የአንድ ሕዝብ ማሳ፣ ልደትና ጋብቻ መሆኑን አስቦ፤ አስቀድሞ መዝገቡን ያቅና፤ ከዚያም ማሽኑን ያስፋ እንላለን።